የጠመንጃው ባለቤት ማን ነው? ስለ ቀለህ፣ ስለ ውጅግራ እና ስለ ራያ ቆላ

ስለ ጠመንጃ ታሪካችን ስናወራ ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ብረቱ ነው። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር እያልን ስም እንቆጥራለን። ማን ስንት ማረከ፣ ማን ስንት ገዛ እያልን እንከራከራለን። ስለ ቀለሁ ግን የሚያነሳ የለም። የእኔ ክርክር አጭር ነው፦ ጠመንጃ አንዴ ይገዛል፣ ጥይት ግን በየጊዜው መምጣት አለበት። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ "ጠመንጃው በማን እጅ ነው?" ሳይሆን "ጥይቱ ከየት ይመጣል?" የሚለው ነው።

እስኪ ነገሩን እንፍታው። ጥይት አራት ነገር ነው፦ አረር፣ ባሩድ፣ እሳት የሚጭረው ካፕሱል፣ እና ሦስቱን የሚይዘው የናስ ቀለህ። እርሳስ አቅልጦ አረር ማውጣት ለአገራችን ሰው አዲስ አልነበረም። ባሩድም ቢሆን ከሰል፣ ድኝና ከአፈር የሚነጠር ጨው ተቀምሞ እዚሁ ይሠራ ነበር፤ ድኙ ከአፋር በረሃ ይመጣል። ቀለህ ግን ሌላ ነው። 70 እጅ ያህል መዳብና 30 እጅ ያህል ዚንክ ተዋሕዶ፣ በከባድ መኪና ደረጃ በደረጃ እየተሳበ የሚወጣ ዕቃ ነው። አንጥረኛ በመዶሻ የሚያወጣው አይደለም።

ፋብሪካ ባለበት አገር በቀለህ ይጫወቱበታል። አሜሪካ ውስጥ "ዋይልድካት" ማለትም የዱር ድመት የሚሉት ጥይት አለ። አንዱ አልሞ ተኳሽ የታወቀ ቀለህ ወስዶ አንገቱን ያጠበዋል ወይም ያሰፋዋል፣ ናሱ እንዳይሰነጠቅም በእሳት ያለዝበዋል፣ በዚያም ከፋብሪካ ያልወጣ ጥይት ይፈጥራል። ከእነዚህ አንዱን፣ 22-250 የሚባለውን፣ ሬሚንግተን ኩባንያ በ1965 እ.ኤ.አ. ተቀብሎ በፋብሪካ ማምረት ጀምሯል።

ይህ ጥበብ በእኛ ታሪክ ውስጥም እጁ አለበት። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. 11 ሚሊ ሜትር የሆነውን የግራ ጠመንጃ ታጠቁ። በ1884 ጭስ የሌለው ባሩድ ሲገኝ ግን አዲስ ጥይት በጥድፊያ አስፈለጋቸው። ያደረጉት የግራን ቀለህ መነሻ ወስደው አፉን ወደ 8 ሚሊ ሜትር ማጥበብ ነበር፤ በ1886 የወጣው የለበል ጥይት ይኸው ነው። አውሮፓ ሁሉ ተከተለ። የድሮው ጠመንጃ በየመጋዘኑ ተራገፈና በታጁራ፣ በኦቦክ፣ ኋላም በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ ፈሰሰ። "ፉዚ ግራ" ውጅግራ የሆነው ያኔ ነው።

ከውጅግራው ጋር ጥይቱ መጣ፣ ጥይቱም ገንዘብ ሆነ። ከጠገራ ብር በታች፣ ከአሞሌ ጨው ጎን፣ የግራ ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ይሠራ ነበር። እስኪ አስቡት፦ ሲጠቀሙበት የሚጠፋ ገንዘብ! በሰርግም በለቅሶም የተኮሰ ሰው ዝርዝሩን ወደ ሰማይ በተነ ማለት ነው። ባዶ ቀለህም አይጣልም፤ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። ይህም መጨረሻ አለው። ናስ በተተኮሰና በተቀጠቀጠ ቁጥር ይደርቃል፣ የባሩዱ ጥላሸት ይበላዋል፣ አንድ ቀን አንገቱ ይሰነጠቃል። ያኔ ወደ ባሕር ማዶ ማየት ግድ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህን የተረዱ ይመስለኛል። ከጣሊያን ወሰዱ፣ ከፈረንሳይ ገዙ፣ ወደ ሩሲያም ፊታቸውን አዞሩ። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ተፈርሞ ሲፈርስ፣ ጣሊያን በሯን ብትዘጋ ሌላ በር ነበራቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ይህ ብልሃት ፍሬ አፈራ። ዋጋው ግን ኋላ ተከፈለ፦ ከብዙ በር የገባ ጠመንጃ ብዙ ዓይነት ጥይት ይጠይቃል። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። በ1927 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ የመሣሪያ ማዕቀብ ሲጥሉ ሠራዊታችን ዓይነቱ የበዛ ጠመንጃና ያነሰ ጥይት ይዞ ለጦርነት ተነሣ።

አሁን ወደ ራያ ቆላ እንምጣ። ከቆቦ ሜዳ እስከ ዞብል ተራራ ድረስ ጠመንጃ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ከዞብል ማዶ አፋር አለ፣ በመካከል ግጦሽና ውኃ አለ፣ ከብትም ይዘረፋል። በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ራያና አዘቦ በመንግሥት ላይ ሲያምፅ ራስ ጉግሣ ወሌ አመፁን እንዲያበርዱ ታዘዙ። ቂሙ ሳይሽር ጣሊያን ደረሰ፤ ጠመንጃና ብርም አደለ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተሸነፈው ጦር ሲያፈገፍግ ከሰማይ ቦምብና መርዝ፣ ከጎን ደግሞ ያ የታደለ ጥይት ጠበቀው።

አንዳንዱ ይህን እያነሳ ራያን በጅምላ ይወነጅላል። እኔ አልስማማም። የተበደለ ሰው ነበረ፣ ቂሙን አይቶ ጥይት ያቀረበ የሩቅ ነጋዴም ነበረ። ቀጥሎ የሆነውን እዩ፦ በ1935 ዓ.ም. ያው አካባቢ በንጉሡ መንግሥት ላይ እንደገና ተነሣ። በመስከረም 1936 መቀሌን የደበደቡት ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ናቸው። ጣሊያን ጥሎት የሄደው ጥይትም፣ ከአውሮፕላን የወረደው ቦምብም የባሕር ማዶ ሥራ ነው። የሞተው ብቻ የእኛ ነው።

ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ለትዝታ አይደለም። ዛሬም በሬውን ሸጦ ዝናሩን የሚሞላ ገበሬ አለ። ዝናሩን የሚሞላለትን ሰው እንደ ወዳጅ ያያል። ግን ያ ወዳጅ ነገ ዋጋ ሊጨምር፣ ወይም ለባላንጣው ሊያቀርብ፣ ወይም ጭራሽ ሊዘጋበት ይችላል። በራያ የሆነው ይኸው ነው፣ በአገርም የሆነው ይኸው ነው።

በመንገዳችሁ የወደቀ ቀለህ ስታገኙ ግርጌውን ገልብጣችሁ እዩ። ብዙውን ጊዜ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ተቀርጾበታል። የተኳሹም የሟቹም ስም የለበትም።