ወደ ቀድሞው መመለስ የማይበቃበት ካሳ

በዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች ሕግ የካሳ መነሻ ዓላማ ተጎጂን ከጉዳቱ በፊት ወደነበረበት ሁኔታ መመለስ ነው። የቀድሞው ሁኔታ ራሱ መድልዎ የሰፈነበትና ለጥቃት የዳረጋት ለሆነ ሴት ግን ይህ አይበቃም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የወጣው የናይሮቢ መግለጫ፣ ካሳ ከጥቃቱ ጀርባ ያለውን የእኩልነት መጓደል ጭምር መለወጥ እንዳለበት አመለከተ።

የኢንተር-አሜሪካ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2009 ተመሳሳይ መርሕ ተከተለ። በሜክሲኮዋ ሲዩዳድ ሁዋሬዝ አስከሬናቸው በጥጥ እርሻ ስለተገኘ ሦስት ወጣት ሴቶች ሲፈርድ፣ መንግሥት ካሳ ከመክፈል ባሻገር ግድያውን እንዲመረምር፣ ኃላፊነቱን በአደባባይ እንዲቀበልና መታሰቢያ እንዲያቆም አዘዘ።

በኬንያ ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ስለተፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ስምንት ተጎጂዎች አቤት ብለው ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2020 ለአራቱ ለእያንዳንዳቸው 4 ሚሊዮን ሽልንግ ፈረደ፤ ውሳኔው የተሰጠው ጥቃቱ ከተፈጸመ ከ12 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።