ሁለቱ ዕፆችና የቤተ ሙከራው ግድግዳ፦ ኒኮቲንና ካናቢስ በእንስሳት ላይ የተጠኑበት ታሪክ

በጣና ሐይቅ አካባቢ ላሊበላ ዋሻ ከሚባል ስፍራ በቁፋሮ ከወጡት ቅርሶች መካከል ከሸክላ የተሠሩ የማጨሻ ጋያ ራሶች ይገኙበታል። ኒኮላስ ቫን ደር ሜርወ የተባለው ተመራማሪ በ1975 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጥናት በሁለቱ ውስጥ የካናቢስ ርዝራዥ መገኘቱን አስታውቆ ዕድሜያቸውን በ13ኛውና በ14ኛው ምዕተ ዓመት መካከል አድርጎታል። ትምባሆ ከአሜሪካ ተሻግሮ ወደ እኛ የዓለም ክፍል የደረሰው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። እንግዲህ ቆጠራው የጸና ከሆነ፣ በአገራችን አንደኛው ዕፅ ሁለተኛው ሳይመጣ ብቻውን ይጨስ ነበር ማለት ነው።

በዛሬዎቹ የአውሮፓ ከተሞች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐሺሽ የሚያጨስ ሰው ባብዛኛው ከትምባሆ ጋር ቀላቅሎ ይጠቀልለዋል። በአሜሪካም ብቻውን የሚያጨሱት ብዙዎች ቢሆኑም በሲጋር ቅጠል የሚጠቀልሉት ጥቂቶች አይደሉም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሐሺሹን ለመተው ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቴም ተመልሶበታል። በሚታከምበት ስፍራ ስለ ሐሺሹ በየጊዜው ሲጠየቅ ስለ ትምባሆው የጠየቀው ሰው አልነበረም። «ጋሼ፣ የትኛው እንደሚጠራኝ እኔም አላውቀውም» አለኝ። የሳይንስ ታሪክ አስተማሪ እንደ መሆኔ መጠን፣ ጥያቄውን ከእርሱ ተቀብዬ ወደ መጻሕፍቱ ሄድሁ።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ስሙ አንድ ነገር ላንሣ። ጋዜጦቻችን ካናቢስን «ዕፀ ፋርስ» ሲሉት ይታያል። በገጠር አጤ ፋሪስ ወይም አስተናግር የሚባለው ግን ፍጹም ሌላ ተክል ነው። ስለዚህ እዚህ ካናቢስ በሚለው ስም እጸናለሁ።

ሁለቱ ዕፆች ወደ ቤተ ሙከራ የገቡት በተለያየ በር ነው። ኒኮቲን በ1828 በሃይደልበርግ በፖሴልትና በራይማን እጅ ከትምባሆ ተነጥሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለፊዚዮሎጂ ሊቃውንት መሣሪያ ሆነ። የካምብሪጁ ላንግሊ በ1889 ከዲኪንሰን ጋር ኒኮቲንን በነርቭ ቋጠሮዎች ላይ እየቀባ የነርቮችን መተላለፊያ ለየ፤ በ1905ም በዶሮ ጡንቻ ላይ ካደረገው ሙከራ ተነሥቶ «ተቀባይ ንጥረ ነገር» የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። የዛሬው የመድኃኒት ሳይንስ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ይሁን እንጂ እንስሳው ኒኮቲኑን ይወደው እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ካናቢስን ደግሞ በ1839 በካልካታ ኦሾግነሲ የተባለው ሐኪም ለውሾችና ለሌሎች እንስሳት እየሰጠ ተመለከተ፤ ሥጋ በሎቹ ሲሰክሩ ሣር በሎቹ እምብዛም እንዳልተነኩ መዝግቧል። ዋናው አስካሪ ንጥረ ነገር ማለትም ቲኤችሲ ነጥሮ እስኪወጣ ድረስ ግን ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። በ1964 ይህን ያደረጉት በእስራኤል ጋዖኒና መሹላም ናቸው፤ ሐሺሹንም ያገኙት ከፖሊስ ነበር።

የኋለኛው ፖለቲካ ግድግዳውን ይበልጥ አጸናው። በ1970 አዌርባክና ባልደረቦቹ ጉሮሯቸው ተበስቶ ሲጋራ እንዲያጨሱ በተደረጉ ቢግል ውሾች ላይ የሳንባ ዕጢ መታየቱን አስታወቁ። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግ ካናቢስን ከሁሉ ጥብቅ ከሆነው መደብ አስገባው። ትምባሆ የሳንባ ጉዳይ፣ ካናቢስ የወንጀል ጉዳይ ሆነ። በኒው ኦርሊንስ ሂት የተባለው ሐኪም ጭሱን ለሬሰስ ጦጣዎች እየሰጠ አንጎላቸው ተጎዳ ሲል፣ የጦጣዎቹ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነው ተብሎ ተነቅፏል። በእኔ ግምት በዚያ ዘመን ከተደረጉት አያሌ ሙከራዎች መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የተጻፈ ይመስላል።

አዲሱን ጥያቄ ያመጣው፣ እንስሳው ራሱ መጫኛውን እየተጫነ በደም ሥሩ በተተከለ ቀጭን ቱቦ ዕፁን እንዲወስድ የሚያስችለው ዘዴ ነው። ስቲቨን ጎልድበርግና ባልደረቦቹ በ1981 ጦጣዎች ኒኮቲንን በዚህ መንገድ አጥብቀው እንደሚሹ አሳዩ፤ በ1989 ኮሪጋልና ኮን በቶሮንቶ ለአይጥ የሚስማማውን ሥርዓት አወጡ። ቲኤችሲ ግን ለዚህ ዘዴ አልገዛ ብሎ ዓመታት ቆየ። በ2000 ከታንዳና ከሙንዛር ጋር ይህን የፈታው ያው ጎልድበርግ ነው። ጦጣዎቹ አስቀድመው ኮኬይን የለመዱ በመሆናቸው ጥርጣሬ ቢነሣም፣ በ2003 ምንም ባልቀመሱ ጦጣዎች ላይ ተደግሟል።

ሁለቱን በአንድነት መመርመር የጎላው ከዚህ ወዲህ ነው። በ2002 ቫልዣንና ባልደረቦቹ እያንዳንዱ ለብቻው ምንም የማያደርግ ትንሽ መጠን ያለው ኒኮቲንና ቲኤችሲ በአንድነት ሲሰጥ፣ አይጦቹ ዕፁን የቀመሱበትን ክፍል መምረጥ እንደ ጀመሩ ተመለከቱ። ለብዙ ቀናት ሁለቱን አብረው ያገኙትም ቲኤችሲው ሲቋረጥባቸው የሚያሳዩት ሥቃይ ባሰ። በዚያው ዓመት ሌሎች፣ ካናቢስ የሚሠራበትን ተቀባይ የሚዘጋው ሪሞናባንት አይጦች ኒኮቲን መሻታቸውን እንደሚቀንስ አሳዩ። ተስፋው ትልቅ ነበር። መድኃኒቱ በ2006 በአውሮፓ ለውፍረት ተፈቅዶ፣ በሚወስዱት ሰዎች ላይ ድባቴና ሌላ የመንፈስ መታወክ ስላስከተለ በ2008 ታገደ። አይጧ ኒኮቲኑን እንደ ተወች ነግራናለች፤ ኀዘኗን የምትናገርበት አንደበት ግን አልነበራትም።

ከሁሉ ይልቅ የእህቴን ልጅ ነገር ያሳሰበኝ በ2013 የወጣው የፓንሊሊዮና የጎልድበርግ ሥራ ነው። አስቀድመው ቲኤችሲ ከተሰጣቸው አይጦች 94 በመቶው ኒኮቲን መውሰድን ሲለምዱ፣ ካልተሰጣቸው የለመዱት 65 በመቶ ነበሩ። ትምባሆ ወደ ካናቢስ ይመራል የሚለው የቆየ ንግግር እዚህ ተገልብጦ ይታያል።

ይህም ሲሆን ሰው የሚያጨሰው ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ እንጂ በመርፌ አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ዕቃ ለአይጥ ሣጥን ከተበጀ ወዲህ፣ በ2019 የታፍ ቡድን ሁለቱንም በእንፋሎት ሰጥቶ አነጻጸረ፤ ቲኤችሲው የአካልን ሙቀትና እንቅስቃሴ ሲቀንስ ኒኮቲኑ እንቅስቃሴን አነሣሣ፣ የአንዱም ሥራ ከሌላው ይበልጡን ነጻ ሆኖ ታየ። ከ2002ቱ ግኝት ጋር ሲታይ ይህ ግር ያሰኛል። ነገር ግን አንደኛው የለካው መሻትን፣ ሁለተኛው ሙቀትንና እርምጃን ነው፤ በ2019ኙ ሙከራ የገቡትም ወንድ አይጦች ብቻ ነበሩ።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ አነበብሁለት። «ታዲያ እኔ የትኛዋ አይጥ ነኝ?» ብሎ ሳቀ። በሚቀጥለው ቀጠሮው፣ ባይጠየቅም እንኳ፣ በቀን ስንት ሲጋራ እንደሚያጨስ ራሱ እንዲናገር ነግሬዋለሁ።