ከፍ የተደረገችው ቪትዝ፦ የላስታ መንገድና የሞላ ታሪክ

በታኅሣሥ ማብቂያ ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚተመው ሕዝብ ጋሸና ሲደርስ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ትቶ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከመገንጠያው እስከ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ከአውቶቡሱ፣ ከአባዱላውና ከአይሱዙው መሀል አልፎ አልፎ አንዲት ቪትዝ ብቅ ትላለች። አምስት ሰው ጭናለች፣ ጣሪያዋ ላይ ጓዝ ታስሯል። ልብ ብሎ ላያት ግን በጎማዋና በፓራፋንጎዋ መካከል ያለው ክፍተት ከፋብሪካ ስትወጣ ከነበረው ሰፍቷል። ባለቤቷ ስፔሰር አስገብቶ ከፍ አስደርጓታል።

በአውሮፓና በጃፓን የፈጣን ትንሽ መኪና ባለቤት የሚሻው የዚህን ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ፍራንክፈርት ላይ ለዕይታ የቀረበው ጎልፍ ጂቲአይ ከተራው ጎልፍ ዝቅ ያለ፣ ሞላውም የጠጠረ ነበር። ቶዮታም ቪትዝን «አር ኤስ» በሚል ስም ለፍጥነት ወዳጆች አጠንክሮ አቅርቧታል። ዝቅ ያለ መኪና ኩርባ ላይ አይዋልልም፤ አስፋልቱን ይዞ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ግን አስፋልት አለ ብሎ የሚነሣ ስሌት ነው።

ላሊበላ ባለችበት በላስታ ውስጥ የምቾትና የጽናት ምርጫ ከመኪና በፊት በበቅሎ ገበያ ተጀምሯል። አገሩ ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚደርሰው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ እስከ ተከዜ መነሻ ሸለቆዎች የሚወርድ ገደላ ገደል ነው። እዚህ ጋሪ አይታሰብም። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ካየ በኋላ አረማመዷን ያያል፤ ሰጋር ከሆነች ዋጋዋ ይጨምራል። ሰጋር በቅሎ እግሮቿን በየተራ ስለምታነሣ ሁልጊዜ መሬት የያዘ እግር አላት፤ ጀርባዋ አይነጥርም፣ የተቀመጠባትም ወገቡን አያመውም። የዛሬ መሐንዲስ ከሞላና ከአሞርዛተር የሚፈልገውን ሥራ የሰጋር እግር ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ የላሊበላን ውቅር ዐብያተ ክርስቲያናት አይቶ የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በዚህ አገር የተጓዘው በበቅሎ ነበር።

በዚህ ደጋ ላይ መንኮራኩር በትልቁ የተፈተነው በ1860 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ ዋድላን አቋርጠው፣ የጅዳን ገደል ወርደውና ወጥተው፣ ደላንታን አልፈው፣ በሽሎን ተሻገሩ። መድፉ ወደ 7 ቶን ይመዝናል፤ ሠረገላውን በጠፍርና በገመድ የሚጎትቱት በመቶ የሚቆጠሩ ወታደሮች ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ኦባዲያ ኤሊየት የሠረገላ ሞላ የባለቤትነት መብት ካስመዘገበ 60 ዓመት አልፎት ነበር። የቴዎድሮስ ሠረገላ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረውም። መንኮራኩሩን የመታው ድንጋይ ሁሉ በቀጥታ መድፉን ይመታል። ሠረገላውን ማለስለስ ካልተቻለ የቀረው መንገዱን ማለስለስ ነው፤ ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እየቆፈሩ፣ ዓለቱን በባሩድ እያፈነዱ ጥርጊያ አወጡ። ጉዞው ወራት ፈጀ። ቴዎድሮስን ሊወጋ ከሰሜን የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ደግሞ ከባድ መሣሪያውን ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች ላይ ጫነ፤ ወደ ጅዳ ገደል ሲደርስ ግን የወረደው ቴዎድሮስ በቆፈሩት መንገድ ነበር።

የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም.፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የወሎ ደጋ ግን ከሞተር ጋር በሰፊው የተዋወቀው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ከአሥመራ ተነሥቶ በኮረም፣ በአላማጣ፣ በቆቦ፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ ጣርማበርን በዋሻ የሚያልፈው መንገድ ያኔ ተሠራ። በላዩ ላይ የተርመሰመሰው ፊያት 634 ከቁጥሩ መጨረሻ ስም አገኘ፤ ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው። ላሊበላ ከዚህ ጎዳና በስተ ምዕራብ፣ ከተራራው ጀርባ ቀረች።

ጣሊያን ከአምስት ዓመት በኋላ ሲወጣ የጋራዡን ቋንቋ ትቶ ሄደ። ጎሚስታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቦኮላ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ሞላ በጣሊያንኛም ሞላ ነው። ባሌስትራ ደግሞ በጣሊያንኛ ቀስትን የሚያስወነጭፍ የጥንት መሣሪያ ስም ነው፤ የተነባበረው የሞላ ብረት እንደ ደጋን ስለሚታጠፍ ስሙን ወረሰ። በወሎ መንገድ ለጭነት መኪና ይህ ብረት ተስማሚ ነበር። ቅጠሎቹ ሲታጠፉ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ንዝረቱን ራሳቸው በመጠኑ ያበርዱታል፤ አንዱ ቢሰበር ያንኑ ቀይሮ መንዳት ይቻላል። ጭነት የሚያበዛ ባለንብረት ተጨማሪ ቅጠል ያስገባል። ባዶውን ሲመለስ ግን የጠጠረው ባሌስትራ የሚጫነው ስለሌለ መኪናው ይዘላል፤ ሾፌሩም ከነረዳቱ ይዘላል። ላንዱ ሁኔታ የተሻለው ለሌላው እንደሚብስ የላስታ ሾፌሮች መጀመሪያ የተማሩት ከዚህ ነው።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ዋናዎቹን መስመሮች መጠገን ያዘ። ላሊበላን ከዓለም ጋር ያገናኛት ግን መኪና ሳይሆን አውሮፕላን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች በበጋ ወራት ሜዳ ላይ ያርፉ ነበር። ዘላቂ ለውጥ ያመጣው በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ የተሠራው፣ ከወልድያ በድልብ ዳገት ወጥቶ በጋሸና አድርጎ ወረታ የሚደርሰው ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወርደው ቅርንጫፍ ግን ለረጅም ዓመታት ጠጠር ሆኖ ኖረ። ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ስማቸውን የተከሉት በእንደዚህ ያለ መንገድ ላይ ነው።

ቪትዝ እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ስትቀርብ ማንም ላስታን አላሰበም። የፊት ጎማዎቿ የሞላ አሠራር፣ አሞርዛተሩን ሞላው መሀል ያቆመው፣ አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያበጀው ነው፤ ርካሽና ቦታ ቆጣቢ። ሆዷ ከመሬት የሚርቀው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዱባይ በኩል ተገዝታ አዲስ አበባ ስትገባ ተወደደች፤ ነዳጅ አትበላም፣ መለዋወጫዋም ሞልቷል። ቤተሰብ ለመጠየቅ ወይም ለመሳለም ወደ ወሎ ስትወጣ ግን የዘይት ኮፓዋ ድንጋይ ይስማል። ከፍ ማስደረግ የመጣው ከዚህ ነው።

ምርጫው ሦስት ነው፤ ሦስቱም ዕዳ አላቸው። ስፔሰር ርካሹ ነው። ሞላው አናት ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ቁመት ይሰጣል እንጂ ሞላውን አያጠነክርም፤ በሞላው ጥቅልሎች መካከል የሚገባው ጎማ ደግሞ የሚታጠፈውን ጥቅልል ስለሚቀንስ ያጠጥራል። ከልክ ካለፈ የሲቪ ጆይንቱ ማዕዘን ይሰፋና ቶሎ ይበላል፤ አላይመንት ሳይስተካከል ከተነዳ ጎማው በአንድ ጎኑ ያልቃል። ክብደቷም ከመሬት ስለሚርቅ በድልብ ኩርባዎች ላይ ወደ ጎን ትጋደማለች። ሁለተኛው፣ ትልቅ ጎማ፣ እውነተኛ ቁመት ይጨምራል፤ ግን መሪው ሙሉ ሲዞር ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል፣ የፍጥነት መቁጠሪያውም ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል። ሦስተኛው ጠንካራ ሞላ ከነተስማሚ አሞርዛተሩ መግዛት ነው፤ ውዱ እሱ ነው።

ብዙ ሰው ሞላውን ቀይሮ አሞርዛተሩን ይረሳል። ሞላ የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ይሰጣል፤ አሞርዛተር ግን ያንን ጉልበት በውስጡ ባለው ዘይት ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል። ጥርስ ባወጣ ጠጠር መንገድ ላይ ጎማው በየሰከንዱ ደጋግሞ ሲመታ ዘይቱ ይግላል፣ አረፋ ይይዛል፣ ማኅተሙ ከለቀቀም ያንጠባጥባል። ያኔ ጎማው ከመሬት በላይ የሚያሳልፈው ጊዜ ይበዛል፤ በአየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይይዝም። ስለዚህ ያረጀ አሞርዛተር ላይ ስፔሰር የጨመረ ሰው ከድንጋዩ ቢድንም ቁልቁለቱን የሚወርደው በደከመ ፍሬን ነው። ጥሩ መካኒክ የመኪናዋን ማዕዘን በእጁ ተጭኖ ይለቃታል፤ አንዴ ተነሥታ ጸጥ ካለች አሞርዛተሩ አለ፤ ደጋግማ ከነጠረች ከስፔሰሩ በፊት እሱ ይቀየራል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያሉት ቪትዞች ዕድሜ እየቆጠሩ ዋጋቸው አልወረደም፤ ቦኮላቸውና አሞርዛተራቸው ተቀይሮ ይነዳሉ። በምትካቸው የሚገቡት ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ባትሪያቸውን ከወለላቸው ሥር ዘርግተው ይመጣሉ። ክብደታቸው ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ በኩርባ ላይ አይዋልሉም፤ ቁልቁለትም ሲወርዱ ከፍሬናቸው ኃይል ይመልሳሉ። ጋሸና ላይ ቆሞ ወደ ላሊበላ መታጠፍ የሚያስብ የእንዲህ ያለ መኪና ሾፌር የሚያሰላው ግን ሌላ ነው፤ ከሆዱ ሥር ድንጋይ የሚጠብቀው ማርሚታና ኮፓ ሳይሆን የመኪናው ውዱ ክፍል፣ ባትሪው ነው።