ሁለት ጊዜ የተማረከው ሥዕል

ሥዕል ይማረካል እንዴ? አዎን፣ ያውም ሁለት ጊዜ!

ንፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ ጎንደር፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው እሾህ የተቀዳጀውን፣ አንገቱን ዘንበል ያደረገውን ክርስቶስ ሳያውቀው አይቀርም። ኵርዓተ ርእሱ ይባላል፤ የራሱ መመታት ማለት ነው። ዋናው ሥዕል የአውሮፓ እጅ ነው፤ የኛ ሠዓሊዎች ግን በእንጨት ላይ እየደጋገሙ ቀድተው የራሳቸው አድርገውታል።

የጎንደር ነገሥታት ሲዘምቱ ሥዕሉም አብሮ ይዘምት ነበር። በ1744 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ኢያሱ ስናር ላይ ሲሸነፉ ተማረከ፤ በኋላ በዋጋ ተዋጅቶ ገባ።

ሁለተኛው ምርኮ ግን መመለሻ አጣ። በ1868 አጤ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ሥዕሉን ወሰደ። ታዲያ ለሙዚየሙ መሰላችሁ? ለገዛ ራሱ ነው እንጂ!

በ1872 አጤ ዮሐንስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱን ጠየቁ። መጽሐፉ መጣ። ሥዕሉ የለም ተባለ። ሆምስ እኮ ያን ጊዜ የንግሥቲቱ የዊንዘር ቤተ መጻሕፍት ሹም ነበር! ፈልገው ያጡት ሥዕል በራሳቸው ሹም እጅ ተቀምጧል።

ፈረንጅ የሣለውን ምን አገባን የሚል ጓደኛ አለኝ። ዮሐንስ ግን የሠዓሊውን አገር አልጠየቁም፤ የተወሰደባቸውን ነው የጠየቁ።

ሆምስ ከሞተ በኋላ፣ በ1917፣ ሥዕሉ ለንደን ውስጥ በክሪስቲ ጨረታ ተሸጠ። በ1950 ደግሞ እንደገና ለጨረታ ቀርቦ ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ።