የተረሳችው ገመድ

በታሪካችን ውስጥ ሁለት ባሕሮች አሉ። አንደኛው የራቀን ባሕር ነው፤ አዱሊስ የምትባል ወደብ የነበረችበት፣ እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ዐፄ ካሌብ ሠራዊታቸውን በመርከብ አሻግረው ሒምያር የገቡበት ቀይ ባሕር። ሁለተኛው ዛሬም ያልተለየን ነው፤ ሐይቅ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ «ባሕር» ብሎ የሚጠራው፣ ከተማውንም «ባሕር ዳር» ያሰኘው ጣና። ስለ ሁለቱም ብዙ ተጽፏል። ነገር ግን ስለ ጣና ከተጻፈው ውስጥ የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪውን ነው። ወደ ደሴት የተሻገረው ንጉሥ፣ በገዳም የተጠለለው መነኩሴ፣ ከጦርነት የሸሸው ታቦትና ብራና ይነገርላቸዋል። ያሻገራቸው ሰው ግን ስም የለውም።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣው የምሻው የዚያን ስም የለሽ ቀዛፊ ነገር ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ሰው ከለመደው ማዕበል በሚበልጥ ማዕበል ላይ ቆሞ መቅዘፍን እንዴት ይማራል? የተማረውስ እንዴት ይጠፋበታል?

ጥያቄው የመጣብኝ ባሕር ከማይታሰብበት ሰፈር ነው። የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። «ንፋስ ስልክ» ማለት የቀደሙት ሰዎች ያለ ሽቦ በአየር ለሚሄደው መልእክት ያወጡት ስም ነው። በእኛ ሰፈር ንፋስ የሚታወሰው በድምፅ ተሸካሚነቱ እንጂ ማዕበል በማንሣቱ አይደለም፤ ከመካኒሳ እስከ ሳሪስ ቢኬድም ቆሞ የሚቀዘፍበት ውኃ አይገኝም። እንዲህ ባለ ስፍራ ተቀምጬ ነው በፊልም መስኮት ሰዎች በሰሌዳ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ አንድ ረጅም መቅዘፊያ ይዘው፣ ቤት የሚያህል ማዕበል ሲጋልቡ ያየሁት።

የነገሩን ምንጭ ስከታተል ወደ ሃዋይ ደረስሁ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ፣ በዋይኪኪ ዳርቻ ለእንግዶች ሰርፊንግ ከሚያስተምሩት መካከል አንዳንዶቹ በሰሌዳቸው ላይ ቆመው ይቀዝፉ ነበር። ቆሞ ያለ ሰው የሚመጣውን ማዕበል ከሩቅ ያያል፤ ተማሪዎቹንም ከዓይኑ አያጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሌርድ ሃሚልተንና ዴቭ ካላማ በማዊ ደሴት ይህንኑ ልማድ አድሰው ወደ ትላልቆቹ ማዕበሎች ወሰዱት። ከዚያ በኋላ በዓለም ዳርቻዎች ሁሉ ተሠራጨ።

የትምህርቱ ሥርዓት በአጭሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በጸጥተኛ ውኃ ላይ ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ማዕበል ሲመጣ አንደኛው ወደ ኋላ ይሳባል። ጉልበት ይላላል። ዓይን ከእግር ጣት ተነሥቶ ወደፊት ይተከላል። ሰሌዳው ለማዕበሉ ግንባሩን እንጂ ጎኑን አይሰጥም። መቅዘፊያውም ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ ሦስተኛ እግር ነው፤ የሚፈራ ጀማሪ ግን መቅዘፊያውን ወደ ላይ ያነሣል፣ ያን ጊዜም ይወድቃል። ማዕበሉ ሲገዝፍ የሚጨመር አዲስ ምስጢር የለም። ትንሹ ማዕበል ይቅር ይል የነበረውን ስሕተት ትልቁ ይቅር አይልም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ካልሁ በኋላ ወደ ጣና ልመልስህ። ባሕር ዳር በሄድሁ ጊዜ በማለዳ ዳር ቆሜ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች ስመለከት ያ ሥርዓት ሁሉ በፊቴ ነበር። ቀዛፊው የያዘው ሰፊ ምላስ ያለው መቅዘፊያ ሳይሆን ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ነው፤ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ ይነክረዋል። ጥልቁ ላይ ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ ይቀዝፋል፤ ውኃው በሚያንስበት ዳር ደግሞ ተነሥቶ ይቆምና ዘንጉን ከታች መሬት አስረግጦ ይገፋል። ጉዞው በማለዳ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ውኃውም ይሸበራል።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀላልና አየር የሞላበት ነው። ደርቆ፣ ተጠቅልሎ፣ በልጥ ገመድ ተጠፍንጎ ሲታሰር ተንሳፋፊ ነዶ ይሆናል። እንደ እንጨት ጀልባ ውኃ የሚሞላው ሆድ የለውም፤ የገባው ውኃ በአገዳዎቹ መካከል ተመልሶ ይወጣል። በዚህ ጠባዩ ከሃዋይ ሰሌዳ ጋር ወንድማማች ነው፤ ሁለቱም ማዕበልን በግድግዳ አይከለክሉም፣ በላያቸውና በታቻቸው ያሳልፉታል እንጂ። ሆኖም ደንገል ቀስ በቀስ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ታንኳው ዳር ላይ ቆሞ ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ ብዙ ሳይቆይ ያረጅና ሌላ ይታሰራል። ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይችላል፤ እኔ ግን በሌላ ዓይን አየዋለሁ። የታንኳው ዕድሜ አጭር በመሆኑ ልጅ ከአባቱ አጠገብ ቆሞ የአሠራሩን ሥርዓት ደጋግሞ ያያል። መቶ ዓመት የሚኖር መርከብ ቢሆን ኖሮ ጥበቡ በአንድ ትውልድ ዝምታ ሊጠፋ ይችል ነበር።

ይህ የጣና ደንገል አንድ ጊዜ ከሐይቁ ወጥቶ ውቅያኖስ ገብቷል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብጻውያን በደንገል መርከብ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ባሰበ ጊዜ በግብጽ በቂ ደንገል አላገኘም። ወደ ጣና መጥቶ ታንኳዎቹን አየ፤ 12 ቶን ያህል ደንገልም ከዚሁ ተቆርጦ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብጽ ተጫነ። በፒራሚዶቹ ሥር መርከቡን ያሰሩት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። «ራ» ተብሎ የተሰየመው መርከብ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነሣ።

ደንገሉ አላሳፈረም፤ የጎደለው አንድ ገመድ ነበር። በጥንት የግብጽ ሥዕሎች ላይ ከመርከቡ ጅራት ጫፍ ተነሥቶ ወደ መርከቡ ወለል የሚወርድ ገመድ ይታያል። በቻድ ሐይቅ ታንኳ ላይ እንዲህ ያለ ገመድ አይታወቅም፤ ሐይቁ አይጠይቀውምና። ጥቅሙ ስላልታወቀ በራ ላይ ችላ ተባለ። በውቅያኖሱ ትልልቅ ማዕበሎች ላይ ግን ጅራቱ መዝቀጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ገመዱ ጅራቱን እንደ ምንጣሪ ወደ ላይ የሚይዝ፣ ከማዕበሉም ጋር እንዲታጠፍ የሚፈቅድ መሆኑ የተገለጠው። መርከቡ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባርቤዶስ ሳይደርስ ሐምሌ 1961 ዓ.ም. ተተወ። በዓመቱ ከቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ በመጡ የአይማራ ሰዎች እጅ «ራ ሁለት» ተሠራ፤ እርሱም ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የምቆመው በገመዱ ላይ ነው። ሠዓሊው በመቃብር ግድግዳ ላይ ሥሎት ነበር፤ ብዙ ሺህ ዓመታት ሁሉም ሲያየው ኖሯል። ነገር ግን ሥዕሉ ቀርቶ ቃሉ ጠፍቶ ነበር። «ይህች ገመድ ለዚህ ናት» የሚል ሰው ስላልነበረ እንደ ጌጥ ተቆጠረች። የስድስተኛው ምዕተ ዓመት ጸሐፊ ፕሮኮፒየስም በካሌብ ዘመን በቀይ ባሕር የሚመላለሱት መርከቦች በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ እንደነበሩ ጽፏል። የእነዚያን ቋጠሮዎች ስም ዛሬ በእኛ ቋንቋ የሚነግረን ማን ነው?

በፔሩ የሁዋንቻኮ ዳርቻ ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። እዚያ ዓሣ አጥማጆች ከቶቶራ፣ ማለትም ከደንገል ዘመድ ከሆነ ሣር፣ ጠባብ ታንኳ አስረው፣ የተሰነጠቀ ቀርከሃ መቅዘፊያ አድርገው የሰላማዊ ውቅያኖስን ማዕበል እየጋለቡ ወደ ዳር ይመለሳሉ። የዛሬ ሰርፊንግ ወዳዶች ያንን ዳርቻ እንደ ቅዱስ ስፍራ ያዩታል። የታንኳው ባለቤት በአገሩ ባለ ታሪክ ተብሏል።

የእኛዎቹስ? በጣና ዙሪያ የታንኳ ጥበብ ቀዳሚ ባለቤቶች ነገደ ወይጦ ናቸው። ደንገል ያስራሉ፣ ወፍጮ ይጠርባሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ በቀደመው ዘመንም ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። የጉማሬ ሥጋ ትበላላችሁ ተብለው ከማዕድ ተገለሉ፤ ከመሬትም ርስት ሳይደርሳቸው ኖሩ። ታንኳቸው ላይ የተሳፈረው ሰው ከወረደ በኋላ አብሯቸው አይበላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ወይጦዎች ከሌሎቹ ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፏል፤ ስለ ቋንቋው ግን የተጣራ ነገር አላገኘም። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የቋንቋ ሊቃውንት ሲመጡ ያገኟቸው አማርኛ ሲናገሩ ነው፤ ከጥንቱ ቋንቋ የተረፈው ጥቂት ቃላት ብቻ ነበር።

እነሆ የእኛም ገመድ ይህች ናት። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ማዕበሉ ዓይነት፣ ስለ ደንገሉ መብሰል የነበሯቸው ቃላት ከቋንቋው ጋር ምን ያህል እንደ ጠፉ ማን ይለካዋል? እጃቸው ግን አልረሳም። እጅ ያለ ቃል ጥቂት ትውልድ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ትልቁ ማዕበል ሲመጣ የቱ ገመድ ጌጥ፣ የቱ ሕይወት እንደሆነ የሚለይ ይጠፋል።

ትልቁ ማዕበልም መጥቷል። የሞተር ጀልባው ታንኳውን ከሥራ ገፍቶታል። የደንገሉ ሜዳ በእርሻና በከተማ ተጠብቧል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሐይቁን ዳር እየሸፈነ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ መግባቱ ለውኃውና ለወፎቹ መልካም ዜና ነው፤ ታንኳ የሚያስረው ሰውም የዚያ ውኃ አካል መሆኑ አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ስለዚህ በጣና ዳር ያላችሁ አንባቢያን፣ በተለይም መምህራንና ተማሪዎች፣ አንድ ልመና አለኝ። ታንኳ ሲታሰር ስታዩ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ብቻ አትለፉ። ከባለሙያው አጠገብ ተቀመጡ፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ ማን እንደሚባልና ለምን እንደሚታሰር ጠይቁ፤ ጻፉትም። ያስተማራችሁንም ሰው፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ በስሙ ጥቀሱት።