የማድራስ አስቀማጮችና የአርበትኖት ቤት ውድቀት

ማድራስ ትባል በነበረችው፣ ዛሬ ቼናይ ተብላ በምትጠራው የደቡብ ህንድ የወደብ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1906 የአርበትኖት የንግድና የባንክ ቤት በሩን ዘጋ። ቤቱ መሠረቱ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መባቻ የሚደርስ፣ በእንግሊዛውያን ነጋዴዎች የተያዘ፣ ስሙ በታሚሎች አገር ሁሉ የታወቀ ነበር። ጡረተኞች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና በገጠር የሚኖሩ ባለርስቶች ጥሪታቸውን ያለ ሥጋት አኑረውበት ነበር። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» እንዲሉ፣ በሺሕ የሚቆጠሩ አስቀማጮች በአንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

እነዚህን ሰዎች ወደ ቤቱ የሳባቸው ወለዱና የባለቤቶቹ ክብር እንጂ የሂሣብ መግለጫ አልነበረም። ቤቱ የግል የሽርክና ድርጅት ስለ ነበረ ሂሣቡን ለሕዝብ እንዲገልጽ የሚያስገድደው አልነበረም። የማድራስ ገንዘብ የለንደኑ ተጓዳኝ ቤት ለገባባቸው አደገኛ ንግዶች ሲውል፣ አስቀማጩ የሚያየው የሚከፈለውን ወለድ ብቻ ነበር። የለንደኑ ቤት በወደቀ ጊዜ መሪው ፓትሪክ ማክፋድየን ራሱን አጠፋ፤ የማድራሱም ወዲያው ተከተለ። ዋናው ባለቤት ሰር ጆርጅ አርበትኖት ለፍርድ ቀርቦ የ18 ወር ጽኑ እሥራት ተፈረደበት። ቅጣቱ ግን የጠፋውን ገንዘብ የሚመልስ አልነበረም።

ለገንዘብ ጠያቂዎቹ ከተሟገቱት የሕግ ሰዎች አንዱ ቪ. ክሪሽናስዋሚ አየር ነበር። የአገር ምርትና ተቋም ይጠናከር የሚለው የስዋዴሺ ንቅናቄ በተስፋፋበት በዚያ ወቅት፣ ህንዳውያን የራሳቸውን ባንክ እንዲያቋቁሙ ጥሪ አቀረበ። በገንዘብ ማበደር ሥራ የታወቁት ናቱኮታይ ቼቲያሮችም ደገፉት። በዚህም ኢንዲያን ባንክ በማርች 1907 ተመሥርቶ በዚያው ዓመት ኦገስት 15 ቀን ሥራውን ጀመረ፤ በ1969 በመንግሥት ከተወረሱት 14 ባንኮችም አንዱ ሆነ።

ይሁን እንጂ የባለቤት መለወጥ ብቻውን ለአስቀማጩ ዋስትና እንደማይሆን ኋላ ታየ። በ1960 በኬራላ የሚገኘው የፓላይ ሴንትራል ባንክ፣ በአገሬው ሰዎች የተመሠረተ ሆኖ ሳለ፣ ፈረሰ። ከዚህ በኋላ ህንድ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ሕግ በ1961 አወጣች፤ መድኑም ከጃንዋሪ 1962 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በ1906 ባዶ እጁን ለቀረው አስቀማጭ ይህ ጥበቃ ሃምሳ አምስት ዓመት ዘግይቶ የመጣ ነበር።

ከገጠር መጥቶ በባንክ መስኮት ፊት የሚቆም ሰው የባንኩን መዝገብ ገልጦ ሊያይ አይችልም። የሚያየው የሕንፃውን ግርማና የሠራተኛውን ፊት ነው። ስለዚህ መዝገቡን በእርሱ ፈንታ የሚያነበው የሂሣብ መርማሪ፣ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የዚያን ሰው አደራ ጭምር ይዟል።