ድንጋዩ ላይ ያለው ምስክር፦ ቂሾንና አልጌ

ዛሬ ወደ ቂሾን ወንዝ ልውሰዳችሁ። በመጽሐፈ መሳፍንት የሲሳራን ሠራዊት ጠርጎ የወሰደው ቂሶን እሱ ነው፤ ሃይፋ አጠገብ ባሕር ይገባል።

በ20ኛው መቶ ዘመን በዳርቻው የነዳጅ ማጣሪያና የኬሚካል ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ ፍሳሻቸውንም ለብዙ ዓመታት ለቀቁበት። በዚያው ውሃ የባሕር ኃይል ጠላቂዎች ይሠለጥኑ ነበር። ቆይቶ ብዙዎቹ በካንሰር ታመሙ። በፈረንጆች 2000 በቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በሜየር ሻምጋር የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ2003 ሁለቱ ፕሮፌሰሮች ሕመሙ ከውሃው መምጣቱ አልተረጋገጠም አሉ፤ ሻምጋር ግን ግንኙነት አለ ብለው ተለዩ። መከላከያ ሚኒስትሩ ሻኡል ሞፋዝም ለታመሙት ካሣ እንዲሰጥ ወሰኑ።

ይህን ባነበብሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። የዚያን ቀን ውሃ እኮ ባሕር ገብቷል፤ ታዲያ ማን ይመስክር?

ወንዝ ወርዳችሁ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ድንጋዩ ላይ የሚያዳልጠው አረንጓዴ ነገር አልጌ ይባላል። እንደ እርሳስ፣ ዚንክና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አካሉ ላይ ይጣበቃሉ፣ ውስጡም ይገባሉ። ስለዚህ በአልጌው ያለው ብረት በዙሪያው ካለው ውሃ በብዙ ሺህ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። በጠርሙስ የቀዳነው ውሃ የዚያችን ሰዓት ብቻ ይናገራል፤ አልጌው ግን የቀናትና የሳምንታት ነገር ይዞ ይቆያል። አጥበው፣ አድርቀው፣ በአሲድ አሟሙተው ይለኩታል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1908 ጀርመናውያኑ ኮልክዊትስና ማርሶን በቆሸሸ ውሃ የትኞቹ ዕፀዋት እንደሚኖሩ ዘርዝረው ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የደርሃም ዩኒቨርሲቲው ብራያን ዊተንና ባልደረቦቹ በሰሜን እንግሊዝ፣ የድሮ እርሳስ ማዕድን በነበረበት አገር፣ በወንዝ አልጌ ውስጥ ያለውን ብረት ይለኩ ጀመር።

እውነቱን እንናገር፦ አልጌ ማን እንደታመመ አይነግረንም፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። ግን በየወሩ እየተለቀመ፣ ቀኑ እየተጻፈበት የተቀመጠ አልጌ ቢኖር፣ ዳኞቹ ያ ሰው በጠለቀበት ወር ወንዙ ምን ተሸክሞ እንደነበር ያዩ ነበር። የታመመ ሰው ማስረጃ ፍለጋ ባልተንከራተተ!

እናቶቻችን በወራጅ ውሃ ይነጹ ነበር፤ ውሃውን ሳያዩ አይገቡም። እኛም ልጆቻችን ከመግባታቸው በፊት፣ ወንዙን ማን እየመረመረው ነው ብለን እንጠይቅ። ሰላም ሁኑ።